ጓሮዬ ውስጥ ዋና ገንዳ ላስቆፍር ነው፣ አካባቢው ሙቀት ነው፤ የረሳሁት ነገር ካለ ንገሩኝ

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮዬ 18 በ12 ሜትር ነው። ያለነው ሞቃት ቦታ ነው፣ በጋ ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ዝናቡ አጭር ነው፣ ግን ሲመጣ እንደ ጉድ ነው የሚወርደው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ 3 እና 7 ዓመት። ያሰብኩት ገንዳ 10 በ5 ሜትር ነው፣ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ 2.5 የሚጠልቅ። ቦታው መሃል ጓሮ፣ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው። ውስጡ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሞዛይክ፣ ዙሪያው ጥቁር ድንጋይ። ፎቶ ላይ አይቼው ልቤ እዚያው ቀረ። ቆፋሪዎቹ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። የረሳሁት ነገር አለ?

ጠብታ_ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ ቆፋሪዎቹን አስቁማቸው። የምሬን ነው።

"ፀሐይ በደንብ የሚያገኘው" የሚባለው ብርዳም አገር ላለ ሰው ነው። እነሱ ውሃው እንዲሞቅላቸው ነው የሚለፉት፣ አንተ የምትለፋው እንዳይሞቅብህ ነው። አብዛኛው ፎቶም ምክርም የሚመጣው ከእነሱ ስለሆነ ሰው ሳያስበው የእነሱን ገንዳ አምጥቶ ከፀሐይ በታች ያሰጣዋል። ከዚያ በሐምሌም በለው በመጋቢት፣ በጋው ያለበት ወር ላይ ገብተህ ስትሞክረው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተቀምጠህ ያልብሃል። እኔን አልቦኛል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሚሊሜትር ውሃ ከ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲተን 1 ሊትር ነው። ሞቃትና ደረቅ በሆነ ቀን 6፣ 7 ሚሊሜትር መትነን የተለመደ ነው፣ ነፋስ ካለ ከዚያም ይበልጣል። ያንተ 50 ካሬ ነው። በ7 ሚሊሜትር 350 ሊትር። በቀን። በወር ከ10,000 ሊትር በላይ አየር ላይ ሄደ ማለት ነው።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
350 ሊትር በቀን?? ኧረ ባካችሁ። ይሄንን ማንም አልነገረኝም። ጥልቁ ክፍል ግን ቀዝቃዛ ሆኖ አይቆይም እንዴ? ለዚያ ብዬ እኮ ነው 2.5 ያደረግኩት።

አርማታ፦
ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ውሃ በአንድ ቀን ፀሐይ ቶሎ አይሞቅም፣ ይሄ ልክ ነው። ግን ሙቀቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀጥል ጥልቁም ይደርስበታል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለመቀዝቀዝም እንደዚያው ይዘገያል። ከታች ቀዝቃዛ ውሃ ይኖራል የምትለው ፓምፕ ሲበራ ይደባለቃል፣ አለቀ።

ደግሞ ልጠይቅህ፣ 2.5 ላይ ማን ነው የሚዋኘው? ልጆቹ እዚያ አይደርሱም፣ ትልልቆቹ ደግሞ ቆመው ማውራት ነው የሚወዱት። "ዘልዬ እገባበታለሁ" ካልክ ያ ሌላ አደጋ ነው። 10 ሜትር ገንዳ ውስጥ ወለሉ ከጥልቁ ወደ አጭሩ ቶሎ ነው የሚነሳው፣ በጭንቅላቱ የገባ ሰው የሚጋጨው እዚያ መነሻው ላይ ነው። ከ1.1 እስከ 1.5 አድርገው። ቁፋሮውም አርማታውም ውሃውም ኬሚካሉም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልግባ። አፈርህ ምንድን ነው? ጥቁር፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሠራ፣ ሲረጥብ የሚያብጥ ከሆነ እሱ አፈር ገንዳ ይሰብራል። ወይ አውጥተህ በሌላ አፈር መተካት አለብህ ወይ መሐንዲስ ለዚያው ብሎ ማስላት አለበት። ሳታስመረምር አትጀምር። የከርሰ ምድር ውሃውስ በዝናብ ጊዜ ስንት ሜትር ላይ ይቆማል? ምክንያቱም ባዶ ገንዳ ጀልባ ነው። ዙሪያው ውሃ ከሞላ ተንሳፍፎ ይወጣል፣ ኮንክሪት ነው ብሎ አይምርህም። "በክረምት አጥበን እንሙላው" ብሎ ያፈሰሰ ሰው አውቃለሁ። ጠዋት ሲነሳ አንዱ ጫፍ ከመሬት ቀና ብሎ ጠበቀው። ወለሉ ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አስገባ፣ ትንሽ ነገር ናት።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ፦
ጥያቄ ካስቸገርኩ ይቅርታ። የኛ ገንዳ 4 ዓመቱ ነው፣ በየቀኑ በጎማ እንሞላዋለን። ሙቀቱ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። ጤነኛ ነው ማለት ነው?

ጠብታ_ቆጣሪ፦
ስፋቱንና በቀን ስንት እንደሚወርድ ሳናውቅ አይታወቅም። ሙቀት ብዙ ቀዳዳ ይሸፍናል። ቆይቼ እመለስበታለሁ፣ አስታውሱኝ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
ሁላችሁም ስለ ውሃ ታወራላችሁ፣ እኔ የ3 ዓመቱ ልጅ ላይ ቀርቻለሁ።

የኔ ልጅ 2 ዓመት ተኩል ሳለች ዘመድ ቤት ገንዳ ውስጥ ገባች። አምስት ትልልቅ ሰዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። አልጮኸችም፣ ውሃም አላንቦጫረቀችም። ሰው ሲሰምጥ ይጮኻል የሚባለው ውሸት ነው፣ አፉ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው በምን ይጮኻል? ቀና ብዬ ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ተርፋለች፣ ዛሬ ጎበዝ ዋናተኛ ናት፣ እኔ ግን እስከ አሁን የገንዳ ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይላወሳል።

ስለዚህ አጥር። በአራቱም ጎን። የቤቱን ግድግዳ እንደ አራተኛ ጎን አትቁጠረው፣ ምክንያቱም ልጁ የሚወጣው ከቤት በር ነው! ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር፣ በብረቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ራሱ የሚዘጋ፣ መቀርቀሪያው ልጅ የማይደርስበት። አጠገቡ ወንበር፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የፓምፕ ሳጥን፣ ምንም የሚወጣበት ነገር አይኑር። ዋና ካለቀ በኋላ መጫወቻዎቹን አውጡ፣ ኳስ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያየ ሕፃን ሊያመጣው ይሄዳል። ሰው በዝቶ ሲሰበሰብ ደግሞ ተረኛ መድቡ። "ሁላችንም እያየን ነው" ማለት ማንም እያየ አይደለም ማለት ነው።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
እህቴ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ አንብባው አጥር ሳይቆም ውሃ አይገባም ብላለች። ክርክር የለም።

ፓምፕ_ጠጋኝ፦
እናቲቱ ባለችው ላይ ልጨምር። ወለል ላይ ያለው መምጠጫ አንድ ብቻ አይሁን። ሁለት ይሁኑ፣ ቢያንስ በ90 ሴንቲሜትር የተራራቁ፣ ክዳናቸው ፀጉርም ሰውነትም ይዞ የማያስቀር ዓይነት። አንዱን የልጅ ጀርባ ቢዘጋው ሌላው ይስባል። መብራት ካስገባህ 12 ቮልት ይሁን፣ የገንዳው መስመር 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው፣ ብረት የሆነው ሁሉ፣ ፌሮውም መሰላሉም፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ እርስ በርስ ይገናኝ። ይሄን ግድግዳ ቀለም የሚቀባልህ ሰው አይሥራው።

ፓምፕ ስትገዛ ፍጥነቱ የሚቀያየር ግዛ። በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ የሚገፋው ውሃ በግማሽ ይቀንሳል፣ የሚበላው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ነው የሚወርደው፣ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው፣ በተግባርም ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቀስ ብሎ ብዙ ሰዓት ይሂድ። ሙሉ ውሃው በ8 ሰዓት ውስጥ አንዴ በማጣሪያው ቢያልፍ ጥሩ መነሻ ነው፣ በሙቀት ወራት ግን ከዚያም በላይ አስኬደው። ቧንቧውን ሰፋ አድርገው፣ መታጠፊያ አታብዛ። ፓምፑ ጥላ ውስጥ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ይቀመጥ። ኬሚካሉን ግን እዚያው አታስቀምጥ! ጢሱ ሞተሩን ይበላዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ ክሎሪኑን ይገድለዋል። በየዓመቱ አንድ ሁለት ሞተር እንዲሁ ዝጎ ይመጣልኛል።

ሌላ የማይነገር ነገር፣ ስኪመሩን፣ ላይ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ የሚስበውን ሳጥን፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን አድርገው። ቅጠሉን ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ያገባልሃል። በተቃራኒ ካደረግከው መረብ ይዘህ ዕድሜህን ትጨርሳለህ።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
እሺ፣ ዕቅዱን ቀድጄዋለሁ። አዲሱ፦ 7 በ3.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1.1 እስከ 1.5። ወደ 32,000 ሊትር ይመጣል፣ ከድሮው ከሲሶ ብዙም አያልፍም። ቆፋሪዎቹን ለጊዜው ቀርቷል አልኳቸው፣ ተቆጥተዋል። አሁን ግራ የገባኝ ቦታው ነው። ደግሞ ክዳን ልግዛ ወይስ አልግዛ?

ጠብታ_ቆጣሪ፦
ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። በሙቀት አገር ክዳን ቀላል ነገር አይደለም።

ክዳን ትነቱን ከ90 በመቶ በላይ ሊያስቀር ይችላል። ግን ገንዳ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በምንድን ነው? በትነት ነው። ልክ እንደ ላብ። 100 ሊትር ሲተን ካንተ 32,000 ሊትር ላይ ወደ 1.8 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ክዳኑን ስታለብሰው ውሃውን ታድናለህ፣ ሙቀቱንም አብረህ ታፍነዋለህ። ያ አረፋ አረፋ ያለው ሰማያዊ ክዳንማ ጭራሽ ለማሞቅ የተሠራ ነው፣ አትንካው። ከገዛህ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ላዩ ነጣ ያለ ይሁን፣ ቀን ላይ አልብሰው፣ አየሩ ደረቅ ከሆነ ማታ ግለጠው። ወበቅ ያለበት አካባቢ ከሆንክ ግን የማታው ነገር ብዙም አይረዳህም፣ እርጥብ አየር ውሃ አይቀበልም።

የኔ መልስ ግን ክዳን አይደለም። ጥላ ነው። ጥላ ሙቀቱንም ትነቱንም አንድ ላይ ይቀንሳል፣ ክሎሪኑንም ያተርፍልሃል። ሌላው ሁሉ አንዱን ሰጥቶ አንዱን ይወስዳል። የምዕራብ ጎንህን አስብ። የሚገድለው የጠዋት ፀሐይ አይደለም፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ያለው ነው። ቤትህ ከገንዳው በምዕራብ በኩል ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር፣ በነፃ ያጠልልህ ነበር።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
ቤቱ በምዕራብ ነው!! እኔ ግን ገንዳውን ከቤቱ ጥላ ለማራቅ ብዬ ነበር መሃል ጓሮ የወሰድኩት። ራሴን ልምታ እንዴ።

አርማታ፦
ራስህን አትምታ፣ ግን ወደ ቤቱ ስታቀርበው መሠረቱን እንዳትነካ። ምን ያህል መራቅ እንዳለበት እንደ መሠረቱ ጥልቀትና እንደ አፈሩ ነው፣ መሐንዲሱ ይንገርህ። ከሴፕቲክ ታንኩም ራቅ። ከመቆፈርህ በፊት የተቀበረ መስመር፣ ከላይ የሚያልፍ ሽቦ፣ ሁሉንም አጣራ። ቤቱ የማያጠልለውን ክፍል በሸራ ሙላው። ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ሳይሆን አየር የሚያሳልፍ የተጠለፈው ዓይነት፣ አለዚያ ነፋስ ሲመጣ ምሰሶውን ነቅሎ ይሄዳል። የምሰሶዎቹን መሠረት ከገንዳው ጋር አንድ ላይ አስቆፍረው። ዛፍ አትትከል ባልልም አጠገቡ አትትከል፣ ሥሩ ውሃ ፍለጋ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ።

የአርማታ ሙሌቱን ደግሞ ንጋት ላይ አድርገው። በቀትር የተሞላ አርማታ ሳይጠነክር ይደርቃል፣ ሠራተኞቹም እንዲለሰልስላቸው ውሃ ይጨምሩበታል፣ ያን ጊዜ ጥንካሬው ሄደ። እየቆምክ ተቆጣጠር። ከተሞላ በኋላ ጆንያ አልብሰህ ቢያንስ 7 ቀን ሌት ተቀን አርጥበው። በሙቀት ቀን ሁለት ጊዜ ማጠጣት አይበቃም፣ ጆንያው በፍጹም መድረቅ የለበትም። ሙሉ ጥንካሬውን የሚለካው በ28 ቀን ነው። ከዚያ ልስንም ሞዛይክም ሳይነካው ውሃ ሞልተህ ፈትነው። ሞዛይክ ከለጠፍክ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ ለጠላትም አይስጥ።

እግሬ_ተጠበሰ፦
ስለ ጥቁሩ ድንጋይ ማንም ሳይናገር ቀረ፣ ስሜን አይታችሁ ገምቱ። ናሙናዎቹን ውሰድ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ባዶ እግርህን ቁምባቸው። 10 ድረስ ቁጠር። መቁጠር ያቃተህን አትግዛ። ነጣ ያለ፣ ሻካራ፣ ሲረጥብ የማያንሸራትት ነው የምትፈልገው። ወለሉ ከገንዳው ወደ ውጭ በትንሹ ዘንበል ይበል፣ በሜትር 2 ሴንቲሜትር ያህል፣ ያ እንደ ጉድ የሚወርደው ዝናብ ጭቃውን ሁሉ ይዞ ገንዳህ ውስጥ እንዳይገባ። ጠቆር ያለውን ሞዛይክም ተወው፣ ሙቀት ይሰበስባል፣ ልጅ ወለሉ ላይ ቢሆን ደግሞ ቶሎ አይታይም።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
በቃ ከፎቶው የቀረኝ ውሃው ብቻ ነው ማለት ነው 😂 እሺ ኬሚካሉስ? ጨው ያለው ገንዳ ክሎሪን የለውም አሉኝ።

ዓይኔ_ቀላ፦
አለው። የጨው መሣሪያ ማለት ከጨው ክሎሪን እየሠራ የሚጨምርልህ ማለት ነው። ላንተ ገንዳ ከ100 ኪሎ በላይ ጨው ይገባል፣ በሊትር 3.5 ግራም አካባቢ። ምቾቱ እውነት ነው፣ እኔም ያለኝ እሱ ነው። ግን ፒኤች፣ የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዳንድ ድንጋይና ብረትም ይበላል።

ፓምፕ_ጠጋኝ፦
"አንዳንድ ብረት" ነው ያልከው? ስንት መሰላል ዝጎ እንዳየሁ ብነግርህ። ለሙቀት አገር ጨው አልመክርም።

ዓይኔ_ቀላ፦
ጥሩ መሰላል ያልገዛ ሰው ይዛገበታል፣ ጨው ምን አደረገ። ይሄን ክርክር ሌላ ጊዜ እንጨርሰዋለን።

የትኛውንም ብትይዝ ዋናው ጠላትህ ፀሐይ ናት። ምንም መከላከያ የሌለው ክሎሪን ጠዋት ጨምረህ ከሰዓት ብትለካው አብዛኛው የለም። ስለዚህ ስታቢላይዘር የሚባለው ሲያኑሪክ አሲድ ይገባል፣ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም በሊትር፣ በጨው ገንዳ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀስ ብለው የሚሟሙት የክሎሪን ክኒኖች አብዛኞቹ ውስጣቸው ይሄው ስታቢላይዘር አለ። ክሎሪኑ ያልቃል፣ እሱ አያልቅም። በየሳምንቱ ክኒን ስትጥል ይከማቻል፣ ከ100 ሲያልፍ ክሎሪኑ እያለ ሥራ ይፈታል፣ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ አንተ ሌላ ክኒን ትጥላለህ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄ ነው። ማውጫው ውሃውን ከፊሉን ቀይሮ መሙላት ብቻ ነው።

ትነትም እንደዚያው ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ካልሲየሙ ይቀራል። በየቀኑ በሞላህ ቁጥር ሌላ ካልሲየም ትጨምራለህ፣ ዓመት ሳይሞላ ሞዛይኩ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8፣ ነፃ ክሎሪን፣ ገና ከቆሻሻ ጋር ያልታሰረው ማለት ነው፣ ስታቢላይዘሩ 40 ከሆነ 3 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ። በበጋ በየቀኑ ለካ፣ አንድ ደቂቃ ነው። "ክሎሪን በዛ፣ ዓይኔ ቀላ" የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ክሎሪኑ አንሶ ከላብና ከሽንት ጋር ታስሮ የሚሸተው ነው።

ሁለት ነገር እንደ ሕግ ያዝ። የተለያየ ዓይነት ክሎሪን አትቀላቅል፣ በአንድ ማንኪያ እንኳ አትጭለፍ፣ ይፈነዳል። አሲድና ክሎሪን አይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ሁልጊዜ ኬሚካሉን ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ወደ ኬሚካል አትጨምር።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
ጎበዝ፣ ከ7 ወር በኋላ ተመለስኩ። ተሠራ። አፈሩ ጥቁር ሆኖ ተገኘ፣ ወጥቶ ተተካ፣ ያ ብቻ አንድ ወር በላ። ገንዳው የቤቱ ጥላ ስር ነው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ አያየውም። ሸራው የቀረውን ይይዛል። አጥሩ ከውሃው ቀድሞ ቆመ። ማታ ማታ ውሃው እንዲቀዘቅዝ ፓምፑን አብርቼ ውሃ የሚመልሰውን አፍ ወደ ላይ እንዲረጭ አደርገዋለሁ፣ ጠዋት ሲገባበት ልዩነቱ ይታወቃል።

አንድ ነገር ብቻ። በቀን 9 ሚሊሜትር ይወርዳል። ጥላ እያለ ይሄ አይበዛም?

ጠብታ_ቆጣሪ፦
እንኳን ደስ አለህ! የባልዲ ፈተናውን አድርግ። ባልዲውን የገንዳው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ አስቀምጥ፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ክተትበት። የገንዳውን ውሃ ቀድተህ በውስጥ ያለው ከውጭው ጋር እኩል እስኪሆን ሙላው። ሁለቱንም ከፍታ ባልዲው ላይ ምልክት አድርግ። 24 ሰዓት ፓምፑ ይጥፋ፣ ማንም አይዋኝ፣ ዝናብ ከመጣ ከአዲስ ጀምር። ፀሐይና ነፋስ ሁለቱን እኩል ነው የሚወስዱት። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከወረደ ልዩነቱ ቀዳዳ ነው። ከዚያ ፓምፑን አብርተህ ድገመው። ሲበራ ከባሰ ውሃ የሚመልሰውን ቧንቧ ጠርጥር።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
ባልዲው 6፣ ገንዳው 9። ፓምፑ በራም ጠፋም ያው ነው። 3 ሚሊሜትር በ24.5 ካሬ ወደ 73 ሊትር በቀን።

አርማታ፦
ቧንቧ አይደለም። ስኪመሩ ከኮንክሪቱ ጋር የሚገናኝበትን እይ። ፓምፑን አጥፋና ማቅለሚያ ጠብ አድርግበት፣ ከሳበው እዚያ ነው።

ቁፋሮ_ሊጀምር፦
ሳበው! ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ናት፣ ስኪመሩ አፍ ላይ በግራ በኩል። ነገ ይደፈናል። ውሃ ሞልተን ስንፈትነው ለካ ስኪመሩ ገና አልገባም ነበር።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ፦
ከ7 ወር በፊት እመለስበታለሁ ብለኸኝ ነበር ጠብታ ቆጣሪ፣ ግድ የለም፣ መልሴን አገኘሁ። ባልዲውን አሁን ደረጃው ላይ አስቀምጬ መጣሁ። የውስጡን በእርሳስ፣ የውጭውን በፕላስተር ምልክት አድርጌያለሁ። ልጆቹ ለምን አንዋኝም ብለው አኩርፈዋል። ነገ በዚህ ሰዓት ቁጥሩን እጽፋለሁ።